የየማማው ስንዴና የተቆለፉ ጎተራዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020) ዕለቱ ጁምዓ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው በዚያን ዕለት ነው። እኔም እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው ወሬውን እንደሰማሁ እግሬ ወደ ሱቅ መራኝ። ባለ አምስት ሊትር ሦስት ጀሪካን ዘይት፣ ግማሽ ኩንታል ዱቄትና አንድ ካርቶን ፓስታ ገዛሁ። ባለሱቁ ሦስተኛውን ጀሪካን አውርዶ ሲያቀብለኝ፣ «ዘይት አለቀ» ሲል ሰማሁ። ከኋላዬ አንዲት የሰፈራችን እናት ቆመዋል። ዘይት በግማሽ ሊትር እያስቀዱ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ባዶ ሃይላንዳቸውን እንደያዙ ጀሪካኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «እንኳን አገኘህ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ለራሴ ፈትዋ ሰጠሁ። ቤተሰብን መመገብ ዋጂብ ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ለራስ ሲቆርሱ ደግሞ አያሳንሱ። ይሁን እንጂ የሴትየዋ «እንኳን አገኘህ» ማለት ከልቤ አልወጣም። ጥቂት ሳምንታት አለፉና የመስጊዶች በሮች ተዘጉ፤ ሰውም በየቤቱ ይሰግድ ጀመር። በልጅነቴ ኪታብ ያቀሩኝን ሸህ በስልክ አግኝቼ ጉዳዩን አጫወትኳቸው። እሳቸውም፣ ለቤተሰብ ስንቅ ማስቀመጥ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ለቤተሰቦቻቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በሐዲስ መረጋገጡን ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «አንተን የሚያስጠይቅህ ማስቀመጥህ አይደለም። ሌላው ዕቃውን ይዞ፣ ገንዘቡን ይዞ ከኋላህ ቆሞ እያየህ የመጨረሻዋን መውሰድህ ነው» አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሶደቃ ልስጣቸው? ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሶደቃ ሌላ ነገር ነው። እሱን ስትፈልግ ትሰጣለህ። አሁን በገዛህበት ዋጋ ሽጥላቸው» አሉኝ። ይህ መልስ በጊዜው እንግዳ ሆኖብኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በየምሽቱ ሬዲዮ ሳዳምጥ ነው፤ መንግሥታት እኔ በሱቁ በር ላይ የሠራሁትን ሥራ በሚሊዮን ቶን እየሠሩት ነበርና።

እስቲ የሆነውን እናስታውስ። በዚያው ማርች 2020 ውስጥ ካዛኪስታን ዱቄት፣ ስኳር፣ ድንችና ሽንኩርት ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ካዛኪስታን በዓለም ላይ ዱቄት በብዛት ከሚሸጡ አገሮች አንዷ ናት፤ የአፍጋኒስታንና የኡዝቤኪስታን ዳቦ ከእርሷ በሚመጣ እህል የሚጋገር ነው። ጎረቤቷ ኪርጊስታንም እንዲሁ ዘጋች። በሩዝ ሽያጭ በጊዜው በዓለም ከህንድና ከታይላንድ ቀጥላ ትጠቀስ የነበረችው ቬትናም ማርች 24 ቀን አዲስ የሽያጭ ውል አቆመች። ለኤፕሪል ወር 400 ሺህ ቶን ብቻ ስትፈቅድ፣ ነጋዴዎቿ በአንድ ሌሊት ተሻምተው ኮታውን ጨረሱት። ካምቦዲያ ከኤፕሪል 5 ጀምሮ ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ አገደች። በስንዴ ሽያጭ አንደኛ የሆነችው ሩሲያ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ ከ7 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል እንዳይወጣ ወሰነች፤ ያም ኮታ ኤፕሪል ሳያልቅ አለቀ። ሮማኒያም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላሉ አገሮች እህል መሸጥ ለተወሰነ ጊዜ አቆመች። ግብፅ ለሦስት ወር ጥራጥሬ እንዳይወጣ ከለከለች። ቱርክ እንኳ ሎሚ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አደረገች። (ሎሚ በእኛም ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሀብታም ዕቃ እንደሆነች አንባቢ አይዘነጋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ባሉ!) በጠቅላላው በዚያ ዓመት የምግብ ሽያጭ ላይ እገዳ የጣሉ አገሮች ሃያ ያህል ናቸው።

እህል ጠፍቶ ነበርን? አልጠፋም። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ምርት ጥሩ ነበር፤ በዓለም ጎተራዎች የነበረው የእህል ክምችት ከ800 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ማርች 31 ቀን 2020 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የንግድ ድርጅት ኃላፊዎች በአንድነት መግለጫ አውጥተው፣ ስለ ምግብ መኖር የሚፈጠር ጥርጣሬ የእገዳ ማዕበል አስነስቶ እጥረቱን ራሱ እንዳይወልደው አስጠነቀቁ። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ የአገራችን ልጅ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። እንግዲህ ችግሩ የፍርሃት እንጂ የዝናብ አልነበረም። እኔም ስገዛ በሱቁ ውስጥ ዘይት ነበረ። የጠፋው እኔና እኔን መሰሎች አንዱ የሌላውን ጀሪካን አይተን ስለተሯሯጥን ነው።

ፍርሃት ብቻውን ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ በ2008 የሆነውን ይመልከት። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ገደማ የሩዝ ሽያጯን ገደበች፤ ቬትናም ተከተለች፤ ፊሊፒንስ ደንግጣ በየትኛውም ዋጋ ልትገዛ ተነሣች። በጥር 2008 ከ400 ዶላር በታች የነበረው አንድ ቶን የታይላንድ ሩዝ እስከ ሜይ 1,000 ዶላር አካባቢ ደረሰ። በዚያ ዓመት በሩዝ ማሳ ላይ ይህን የሚያህል ጥፋት አልደረሰም ነበር። የበለጠ የሚገርመው አወራረዱ ነው። ጃፓን ከውጭ የገዛችውን፣ ሕዝቧ የማይበላውንና በመጋዘኗ የተከማቸውን ሩዝ ለፊሊፒንስ ልትሸጥ ትችላለች የሚል ዜና በሜይ ወር ሲሰማ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ያ ሩዝ በመጨረሻ ወደ ፊሊፒንስ ሳይጫን ቀረ፤ ገበያውን ያረጋጋው በሩ ሊከፈት ነው መባሉ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን እሰጋለሁ። አንድ መንግሥት በቅድሚያ የሚጠየቀው በእጁ ስላሉት ሰዎች ነው። በእስልምናም መስጠት የሚጀመረው ከሚቀለቡት ቤተሰብ መሆኑ በሐዲስ የታወቀ ነው። ሕዝቡ እየተራበ እህሉን ለውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ መሪ ከሚቆልፈው የተሻለ ነው የሚል ማንም የለም። ቬትናም በዚያን ወቅት በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ድርቅና ወደ ማሳ የሚገባ የባሕር ጨው አስግቷት ነበር። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህሉን ከነዛላው እንዲያስቀምጡ ሲያደርጉ፣ መጀመሪያ ያሰቡት ለግብፅ ሕዝብ ነው። ማከማቸትን የተማርነው ከነቢይ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን የሱረቱ ዩሱፍን ታሪክ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግማሹን ነው ያነበበው። ሰባቱ የችግር ዓመታት ሲመጡ የከነዓን ሰዎች ወደ ግብፅ መጡ። የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ወረርሽኝ አልነበረም እንጂ ረሃብ ነበር፤ ረሃቡም ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቁት የጎተራው ኃላፊ ዩሱፍ ናቸው። ሆኖም ስፍሩን ሞልተው ሰጡ። ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ግመል ጭነት፤ ማንም ከዚያ በላይ አይወስድም፣ ማንም ባዶ እጁን አይመለስም። ሸህዬ የነገሩኝን እዚህ ላይ አስታወስኩ፤ የያዕቆብ ልጆች ሸቀጥ ይዘው የመጡ ገዢዎች ነበሩ። ሸቀጣቸው ተመልሶ በጓዛቸው ውስጥ መገኘቱ የዩሱፍ ቸርነት ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ግን ቸርነት ብቻ ሳይሆን ፍትሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የካቡል ዳቦ ጋጋሪ ከካዛኪስታን ምጽዋት አልጠየቀም። ገንዘቡን ይዞ፣ እንደ ወትሮው ዱቄት ልግዛ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ግን የሱማማ ኢብን ኡሣል ታሪክ ነው። ሱማማ የበኑ ሐኒፋ አለቃ፣ የየማማ ጌታ ነበር። የማማ በነጅድ በኩል ያለች የእህል አገር ናት፤ መካ በድንጋይ ሸለቆ መካከል ያለች፣ የማታርስ፣ ስንዴዋን ከየማማ የምታስመጣ ከተማ ነበረች። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር የማማ ላኪ፣ መካ ደግሞ አስመጪ ነበሩ። የሙስሊሞች ፈረሰኞች ሱማማን ማርከው መዲና አመጡትና ከመስጊዱ ምሰሶ ጋር ታሰረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ቀን ተመላልሰው አነጋገሩት፤ በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ቤዛ ፈቱት። እሱም በአቅራቢያው ወዳለ የተምር አትክልት ሄዶ ታጠበና ተመልሶ ሸሃዳ ያዘ። ከዚያም ለዑምራ መካ ሲገባ ቁረይሾች ያዙት፤ ሊገድሉትም አሰቡ። ከመካከላቸው አስተዋይ የሆነ ሰው፣ የምትበሉት ከየማማ መሆኑን ረሳችሁን? ስላላቸው ለቀቁት። ሱማማም ነቢዩ ካልፈቀዱ በስተቀር አንዲት የስንዴ ቅንጣት ከየማማ ወደ መካ እንደማትገባ ማለላቸው። አገሩ ገብቶም ቃሉን ፈጸመ፤ መካ ተራበች።

ልብ በሉ! መካ በዚያን ጊዜ አልተከፈተችም። ቁረይሾች ጠላት ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ከዓመታት በፊት የሃሺም ጎሣን በአቡ ጣሊብ ሸለቆ ውስጥ ዘግተው፣ ሦስት ዓመት ያህል እንዳይሸጥላቸውና እንዳይገዛላቸው አድርገዋል። የተከበቡት የዛፍ ቅጠል እስኪበሉ፣ የሕጻናት ልቅሶ ከሸለቆው ውጭ እስኪሰማ ደርሰው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። ጊዜው ተገልብጦ አሁን የመካ ጉሮሮ በአንድ ሙስሊም እጅ ገባ። ያውም ሱማማ ይህን ያደረገው ማንም ሳያዘው፣ ለነቢዩ ባለው ፍቅር ነው። ፖለቲከኛ ቢሆን ይህን መሣሪያ እንዴት ይለቃል? ቁረይሾች ግን ዝምድናን እያወሱ ወደ መዲና ደብዳቤ ላኩ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) እህሉን እንዲለቅላቸው ለሱማማ ጻፉለት፤ ለቀቀላቸውም። በሲራ ኪታቦች እንደምናነበው መካ በቅድሚያ ትስለም ወይም እስረኛ ትፍታ ተብሎ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ የለም። ለጠላት የተከፈተ በር ለወዳጅ ቢዘጋ ምን ይባላል?

በ2020 የነበረው ረሃብ ብቻ ሳይሆን ወረርሽኝም ነው፣ ሁለቱን አታመሳስል የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ፤ ሁለቱ የተገናኙበትን ዘመን እናምጣ። ከሂጅራ በኋላ 18ኛው ዓመት ሙስሊሞች በሁለት መቅሰፍት የተያዙበት ነው። በዐረብ ምድር ዝናብ ጠፍቶ መሬቱ አመድ ስለመሰለ ዓመቱ «ዓመ ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት ተባለ። በዚሁ ወቅት በሻም ምድር የዓምዋስ ወረርሽኝ ወደቀ፤ የሻም አገረ ገዢ አቡ ዑበይዳ፣ ሙዓዝ ኢብን ጀበልና ሌሎች ብዙ ታላላቅ ሰሐቦች (ረ.ዐ.) የሞቱት በእርሱ ነው። ከሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም እየሄዱ ሰርግ በምትባል ስፍራ ስለ በሽታው ሰሙ፤ መከሩ፤ ወረርሽኝ ወደገባበት አገር አለመግባትን፣ ካለበትም አገር ሸሽቶ አለመውጣትን የሚያዘውን የነቢዩን ትምህርት ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሲነግሯቸው ተመለሱ። ዛሬ «ኳራንቲን» የሚባለው ሕግ ይህ ነው።

ሕጉ የከለከለው የሰውን መግባትና መውጣት ነው፤ ስለ እህል ያለው ነገር የለም። በዚያ የመቅሰፍት ወቅት ዑመር ለየአገሩ ሹሞች የመዲናን ረሃብ ጻፉ። አቡ ዑበይዳ እህል የተጫኑ 4,000 ግመሎች ይዘው እንደደረሱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ዓምር ኢብን አል-ዓስም ከግብፅ በየብስም በባሕርም እንደላኩ ይነገራል። ዑመር ራሳቸው ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ላለመቅመስ ምለው፣ ዘይት ብቻ በመብላት ፊታቸው እስኪጠቁር ደረሱ። በረሃብ ምክንያት የሰረቀ ሰው እጅ እንዳይቆረጥ ያደረጉትም በዚያ ዓመት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከናይል ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር የሚደርሰው አሮጌ ቦይ ተጠርጎ፣ የግብፅ እህል በመርከብ ወደ መዲና ወደብ ወደ ጃር እንዲሄድ ሲታሰብ፣ ግብፅ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። እህሉ ከወጣ የአገሪቱ ግብር ይወድቃል፣ አገሪቱም ትጎዳለች የሚል ነበር። የ2020 የንግድ ሚኒስትሮች ክርክርም ከዚህ አይለይም። ዑመር ግን ቦዩ እንዲቆፈር አዘዙ። ጠበሪ እንደዘገበው የመዲና የእህል ዋጋ ከግብፅ ጋር ተቀራረበ፤ ግብፅም በዚህ ንግድ በለጸገች እንጂ አልደኸየችም። በእርግጥ መዲናና ግብፅ በአንድ ከሊፋ ሥር ነበሩ፤ ዑመር ማዘዝ ይችሉ ነበር። ዛሬ ካዛኪስታንን የሚያዝ ዑመር የለም። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ኢህቲካር፣ ማለትም እህል ገዝቶ ሰው ሲቸገር ስለ መቆለፍ፣ ብዙ ጽፈዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የሚያደርገውን ሰው አጥፊ ብለውታል። ብዙዎቹ ዑለማእ የሰው ችግር በበረታ ጊዜ መሪው ባለ ጎተራውን ሽጥ ብሎ ማስገደድ እንደሚችል ይስማማሉ። ይሽጥ እንጂ በነጻ ይስጥ አላሉም፤ ሸህዬ የነገሩኝም ይህንኑ ነው። ቆላፊው ራሱ መንግሥት ሲሆንስ? የዓለም የንግድ ድርጅት ሕግ ለአገር ውስጥ የምግብ እጥረት ሲባል ለጊዜው መዝጋትን ይፈቅዳል፤ የሚዘጋው አገር የገዢዎቹንም ችግር ግምት ውስጥ እንዲያስገባ ይጠይቃል። በዚያ መጋቢት ግን ይህ ቃል አንድም በር ሳይዘጋ አላስቀረም። የመርካቶን ነጋዴ የወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሱቁን ያሽግበታል። በአገሮች ላይ ግን የሚያሽግ የለም።

በእኛ በሙስሊሞች በኩል ያለውን ኃፍረት መሸፈን አልፈልግም። ካዛኪስታንና ኪርጊስታን፣ ግብፅና ቱርክ ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የካዛኪስታንን ዱቄት የሚጠብቁት ኡዝቤኮችና አፍጋኖችም ሙስሊሞች ናቸው። በየጁምዓው ሙስሊም ለሙስሊም እንደ አንድ አካል ነው የሚል ኹጥባ በአልማቲም በካቡልም ይሰማል። ግብፅ ደግሞ የዩሱፍ አገር ሆና ሳለ ጥራጥሬዋን ቆለፈች፤ ስንዴዋን ግን ከማንም አገር በላይ ከውጭ የምትገዛ እርሷ ናት። ሩሲያ እህሏን ስትቆጥር ካይሮ ተጨነቀች። በአንድ እጁ እየቆለፈ በሌላው እጁ ክፈቱልኝ የሚል አገር ማለት ይህ ነው። እነዚህ እገዳዎች አብዛኞቹ ሳይቆዩ መነሣታቸውን መደበቅ ግን አይገባም። ቬትናም ከሜይ ጀምሮ ሽያጯን ለቀቀች፤ ካዛኪስታንም በጁን ኮታውን አነሣች። ሰዎቹ ከ2008 የተማሩት ነገር ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ወደ ራሳችን እንመለስ፤ አገራችንም ከዚህ ነጻ አይደለችም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይሸጥ አግዳ፣ በ2015 በከፊል ብቻ ፈቅዳለች። ለከተማው ሰው እንጀራ እንዳይወደድ ታስቦ ነው፤ እኔም የከተማ ሰው ነኝና ተጠቅሜበታለሁ። ጤፉን የሚያመርተው ገበሬ ግን በዚህ ከተሻለ ገበያ እንደተከለከለ መዘንጋት የለብንም። በውጭ አገር ያለው ወገናችንም የእንጀራ ዋጋ ምን እንደደረሰበት ያውቃል። እገዳው በተጣለበት ጊዜ የነበረውን ሥጋት አልንቅም፤ ግን ቬትናምን ስንወቅስ እጃችንን አይተን ይሁን።

በዚያው በ2020 ደግሞ እኛ ተቀባዮች ነበርን። ምሥራቅ አፍሪካን የበረሃ አንበጣ ወሮ ነበር፤ በአገራችን ከ25 ዓመት ወዲህ እንደዚያ ያለ አልታየም። ኤፕሪል 14 ቀን የዓለም የምግብ ፕሮግራም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የእርዳታ ማዕከል ከፍቶ፣ የሕክምና ዕቃ ከዚያ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይጫን ጀመር። የሰው ጉዞ በቆመበት ወቅት የዕቃ በረራ መቀጠሉን ያየ ሰው የሰርግንና የግመሎቹን ታሪክ ማስታወስ ነበረበት። ኤፕሪል 21 ቀን የድርጅቱ ኃላፊ ዴቪድ ቢዝሊ በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ በከባድ ረሃብ ውስጥ የነበረው 135 ሚሊዮን ሰው ዓመቱ ሳያልቅ 265 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ የ1441 ረመዳን ገባ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ በ2020 በዓለም ላይ ከ720 እስከ 811 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በቂ ምግብ አላገኘም። አብዛኛው የተራበው ሥራው ስለቆመና ኪሱ ስለተራቆተ ነው፤ ሁሉን በእገዳው ላይ ብናላክክ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ኪሱ ለተራቆተ ሰው የዱቄት ዋጋ በትንሹ መጨመር ማለት የአንድ ልጅ ራት ነው።

በሽታው ጋብ ካለ በኋላ ልማዱ አልጋበም። ጦርነት በጥቁር ባሕር ላይ ሲነሣ ህንድ በሜይ 2022 ስንዴዋን ዘጋች። ኢንዶኔዥያ፣ በሙስሊም ሕዝብ ብዛት አንደኛ የምትባለው አገር፣ ከኤፕሪል 28 እስከ ሜይ 23 ቀን 2022 የፓልም ዘይት እንዳይወጣ አገደች። ያ ዘይት በየሱቃችን ባለው ጀሪካን ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ህንድ በጁላይ 2023 እንደገና ባስማቲ ያልሆነውን ነጭ ሩዝ ከለከለች፤ እስከ ሴፕቴምበር 2024 አልለቀቀችም። በሌላ በኩል በጁላይ 2022 በኢስታንቡል በተፈረመው ስምምነት የዩክሬን ወደቦች ተከፍተው፣ 23,000 ቶን ስንዴ የጫነች መርከብ ለኢትዮጵያ የታሰበውን ይዛ በኦገስት መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። በጦርነት ላይ ያሉ ሁለት ጠላቶች ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ለእህል መርከብ መንገድ ሲለቁ፣ የሱማማ ታሪክ ተረት አለመሆኑ ታየኝ።

መንግሥታትን ማዘዝ አንችልም። የምንችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ ኢማሞቻችን ስለ ኢህቲካር ኹጥባ ሲያደርጉ የሠፈሩን ባለሱቅ ብቻ እንዳያዩ ማሳሰብ ነው። ወደ ሙስሊም አገሮች የሚሄዱ ነጋዴዎቻችንና ዑለማኦቻችን በየጉባኤው ሲቀመጡ የየማማን ነገር ቢያነሡ ምን ይከፋል? አፍጋኒስታን ዱቄት ስትለምን የካዛኪስታን ሙፍቲ ምን አሉ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይመስለኝም።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ሸህዬ እንዳሉኝ አደረግሁ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱን ጀሪካን ይዤ ማስኬን አድርጌ ከእናትየዋ በር ላይ ቆምኩና በገዛሁበት ዋጋ እንዲወስዱልኝ ለመንኳቸው። ሙሉውን ለመግዛት ገንዘብ እንደሌላቸው ነገሩኝ። በነጻ ልስጥዎ ብላቸው፣ «እኔ ለማኝ ነኝ ወይ ልጄ?» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ጀሪካኑ እኔ ቤት ተቀመጠ፤ እሳቸውም ሃይላንዳቸውን እየላኩ በግማሽ ሊትር ሲወስዱ ቆዩ። የመጨረሻዋን ግማሽ ሊትር ዋጋ የከፈሉኝ በሸዋል ወር ውስጥ ነው።

ወላሁ አዕለም።